ለፋንታሲ የሚና ጨዋታችሁ ዓለም እንዴት ትመርጣላችሁ?

ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያለ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ አብረው ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ፣ ልትጀምሩ ነው እንበል። ዳይሱ አለ። የህግ መጽሐፉ አለ። ጨዋታውን የምትመሩት ደግሞ እናንተ ናችሁ። የቀረው ታሪኩ የሚካሄድበትን ዓለም መምረጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካርታው ያማረውን ወይም ስሙ የገነነውን ያነሳና ይገባበታል። እኔ ግን ዓለም የሚመረጠው በችግሩ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ዓለም ውስጥ ምን ተበላሽቷል? ተጫዋቾቻችሁስ ያ ነገር ከሳምንት ሳምንት ያጓጓቸዋል ወይ?

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቁ

ዓለሙን የሚገልጽ መጽሐፍ ሳትገዙ በፊት ነው ታዲያ። «ምን ዓይነት ዓለም ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ደስ ያላችሁን» ይሆናል። ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ። ውጊያ ነው የሚያስደስታችሁ፣ ሴራ፣ ምርመራ ወይስ ጉዞ? ጠረጴዛው ላይ እንዲነሳ የማትፈልጉት ነገርስ አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ በግል መመለስ የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ መንገዱን ክፈቱለት።

2. እያንዳንዱን ዓለም በችግሩ መዝኑት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። የታወቁትን ሦስት ዓለማት ላንሳ።

ፎርጎተን ሪልምስ ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲገነባው የኖረ ዓለም ነው። ለጨዋታው ታትሞ የወጣው በ1987 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የባልደርስ ጌት የኮምፒውተር ጨዋታዎች የሚካሄዱት እዚህ ስለሆነ ከተጫዋቾቻችሁ አንዱ ሳያውቀው አይቀርም። ሁሉ ነገር አለበት፦ ኤልፍ የሚባሉ ሰው መሰል ፍጡራን፣ ዘንዶ፣ በሰው ጉዳይ እጃቸውን የሚያስገቡ አማልክት፣ ትልልቅ የወደብ ከተሞች። ችግሩም ይኸው ሁሉ ነገር ያለው መሆኑ ነው። ኤልሚንስተርን የመሰለ ኃያል አስማተኛ በሚኖርበት ዓለም ውስጥ ገና ሰይፍ መያዝ የሚለማመዱ ጀማሪ ጀግኖች ለምን ያስፈልጋሉ? መፍትሄው ማጥበብ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ምረጡ፣ ለዚያች ከተማ አንድ ችግር ስጧት፣ ታላላቆቹን ስሞች ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ይህን ካደረጋችሁ ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የሚሻል ዓለም አላውቅም።

ዳርክ ሰን በ1991 የወጣ ሲሆን ተቃራኒው ነው። አታስ የሚባለው ዓለም በረሃ ሆኗል። በረሃ ያደረገውም አስማት ነው፤ በግዴለሽነት የሚጠቀም አስማተኛ ኃይሉን የሚስበው ከዕፅዋት ሕይወት ነው፣ የቆመበት መሬት አመድ ሆኖ ይቀራል። ብረት ብርቅ ስለሆነ ሰው የሚዋጋው በአጥንት፣ በእንጨትና በድንጋይ ነው። አማልክት የሉም። ከተሞቹን የሚገዙት አስማተኛ ነገሥታት ናቸው። እዚህ ችግሩን መፈለግ አያስፈልግም፤ ገና በመጀመሪያው ምሽት «ውኃ ከየት እናግኝ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ግን ባርነት የዚህ ዓለም ምሰሶ ነው። ከሥራ በኋላ ዘና ለማለት ለሚመጡ ሰዎች ይከብዳል። የመጀመሪያውን እርምጃ አትዝለሉ የምለው ለዚህ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ኤበሮንን ነው። በ2002 አዲስ ዓለም የሚፈለግበት ውድድር ተከፈተ፤ ከ11,000 በላይ ሀሳቦች ገቡ፤ የኪት ቤከር አሸነፈ። መጽሐፉ በ2004 ወጣ። በኤበሮን አስማት እንደ ኢንዱስትሪ ያገለግላል፦ የመብረቅ ባቡር አለ፣ የሚበሩ መርከቦች አሉ። መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሳይሪ የምትባል አገር ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በአንድ ቀን ጠፋች። ማን አጠፋት? ፈጣሪው ሆን ብሎ አልመለሰውም፤ መልሱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ለጦርነት ተብለው የተሠሩ፣ አሁን ነፃ የወጡ ሰው ሠራሽ ወታደሮችም አሉ። ለመዋጋት ብቻ የተፈጠረ ሰው በሰላም ጊዜ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚነሳ ገጸ ባህሪ ከመጀመሪያው ቀን ታሪክ አለው።

ሌላ ዓለም ስትመለከቱ ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ለመመለስ ሞክሩ። ኃይል በማን እጅ ነው? የጠፋው ወይም ያነሰው ነገር ምንድነው? ጀግኖቹ ምንም ባያደርጉ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። መልሱ «ምንም አይሆንም» ከሆነ የምትመሩት ጉብኝት እንጂ ጀብዱ አይደለም። ከመጽሐፉ ሃያ ገጽ አንብባችሁ ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ ሌላ ፈልጉ።

3. የንባቡን ሸክም አቅልሉ

ታዋቂ ዓለም ከመረጣችሁ አንድ ተጫዋች ሁሉን ያውቃል፣ ሌሎቹ ምንም አያውቁም። አዋቂው ሳያስበው እናንተን ማረም ይጀምራል፤ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ይህ ብዙ ቡድን ሲበትን አይቻለሁ። ከመጀመራችሁ በፊት «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ዓለም የኛ ነው፤ መጽሐፉ የሚለው እዚህ ላይሠራ ይችላል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ለአዋቂውም ቦታ ስጡት። ገጸ ባህሪው የታሪክ ሊቅ ቢሆን እውቀቱ ለሁሉም ይጠቅማል።

ለቀሩት አንድ ገጽ አዘጋጁ። አምስት ስም ይበቃል፦ ያሉበት ከተማ፣ ገዢው፣ ጠላቱ፣ አንድ እምነት፣ አንድ የሚፈራ ቦታ። ካርታ መሳያ ሶፍትዌር ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ። በእስክርቢቶ የተሳለ ካርታ ይበልጣል፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይጨምሩበታል።

የገንዘቡ ነገር፦ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ህጎች በጃንዋሪ 2023 ማንም እንዲጠቀምባቸው በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀዋል፤ በነፃ ይወርዳሉ። ዓለማቱ ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ቤት ውስጥ ለመጫወት ምንም አይደለም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጽፋችሁ ለማሳተም ካሰባችሁ ግን የራሳችሁን ዓለም መሥራት ይኖርባችኋል።

4. የራሳችሁን ከሠራችሁ

ከባዶ አትነሱ፤ ከታሪክ አጥንቱን ውሰዱ። ለእኛ ዘመነ መሳፍንት የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል። ከ1769 እስከ 1855 ገደማ ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበረ፣ ሥልጣኑ ግን በራሶቹና በየአካባቢው ገዢዎች እጅ ነበር። ሦስቱን ጥያቄ ብትጠይቁት ወዲያው ይመልሳል። ሁሉን የሚያሸንፍ ኃይል ስለሌለ አምስት ሰው የሚወስነው ውሳኔ ሚዛን ሊያነሳ ይችላል። ቋራ ላይ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ በ1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ መንገሡ ደግሞ የጨዋታው ጀግና ከታች ወደ ላይ የሚያድግበት ጉዞ ራሱ ነው።

ስሞቹን ግን ለውጡ። ጠረጴዛው ላይ የየጁ፣ የትግራይ፣ የጎጃም ወይም የሸዋ ሰው ሊቀመጥ ይችላል። አያቱ የነገሩት ታሪክ ከናንተው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ጨዋታው ክርክር ይሆናል። እምነትም እንዲሁ ነው። ሰው የሚሳለምበትን ስም ለጨዋታ አትጠቀሙ፤ የራሳችሁን ፍጠሩ። በአንድ የገበያ ከተማ፣ በአንድ ገዢና በአንድ ገዳም ጀምሩ። የቀረው ዓለም ተጫዋቾቹ ሲሄዱበት ይሠራል።

5. አንድ ምሽት ሞክሩት

ለስድስት ወር ቃል ከመግባታችሁ በፊት በተዘጋጁ ገጸ ባህሪያት አንድ አጭር ጀብዱ አጫውቱ። ከሳምንት በኋላ ማስታወሻ ሳያዩ የሚያስታውሷቸውን ሰዎችና ቦታዎች ጠይቋቸው። የሚያስታውሱት ውጊያውን ብቻ ከሆነ ዓለሙን ቀይሩት፤ አሁን ገና ቀላል ነው። የአንድ ገዢ ወይም የአንድ መንደር ስም ከጠሩላችሁ ግን ሁለተኛውን ምሽት እዚያው ጀምሩ።