ሰው ዋሸኝ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ደሴ ላይ "እኔን ማንም አይሸውደኝም፣ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ" ማይል ሰው አላጋጠመኝም። ቦንድና ዴፓውሎ ሚባሉ ተመራማሪዎች ግን በፈረንጆቹ 2006 የብዙ ሺ ሰው ግምት ያለባቸውን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩት ሰው ውሸትን ከእውነት በትክክል የለየው በአማካይ 54 ፐርሰንት ነው። ዝም ብሎ የገመተ እኮ 50 ያገኛል።

ዋናው ስህተት አይን ላይ መፍረድ ነው። "አይኔን እያየህ ተናገር" ሚለው ነገር። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም፣ በ58 አገር ውሸታም በምን ይታወቃል ተብሎ ሲጠየቅ ሰው በብዛት የመለሰው አይን ይሸሻል ብሎ ነው፣ ጥናቶቹ ግን ይሄ ነው ሚባል ግንኙነት አላገኙም። እኛ ጋ ደሞ ይብሳል፣ ወሎ ያደገ ልጅ ሼሁ ወይ ቄሱ ወይ አባቱ ሲያናግሩት አንገቱን ደፍቶ ነው ሚሰማው፣ ካፈጠጠ ባለጌ ነው ሚባለው፣ ከዛ ቤት ውስጥ ብር ጠፋ ሲባል ያንኑ ልጅ ጠርተን አይኔን እይ እንለዋለን፣ ቢያይ ደፋር ባያይ ሌባ፣ ምን ያርግ? ዋናው ቀጣፊ ደሞ ይሄን ስለሚያውቅ ትክ ብሎ እያያችሁ ነው ሚዋሻችሁ።

ድንጋጤም ማስረጃ አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ምትሰራ ልጅ ሱፐርቫይዘሯ ሰው ፊት "እቃው የት ገባ?" ብሎ ቢጮህባት ንፁህ ሆናም ድምፇ ይቆራረጣል፣ እንጀራዋ ነዋ። የውሸት መመርመሪያ ማሽን ሚባለውም ሚለካው ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና ላብ ነው፣ ውሸትን ለይቶ አይለካም። አሜሪካ ራሷ አብዛኛው የግል ድርጅት ሰራተኛውን በሱ እንዳይመረምር በፈረንጆቹ 1988 ላይ በህግ ከልክላለች።

ለኔ ትልቁ ስህተት ግን ያላችሁን መረጃ ገና በመጀመሪያ መዘርገፍ ነው። ልጅሽ ኮምቦልቻ ነው የዋልኩት አለሽ እንበል፣ ጎረቤት ደሞ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አይቼዋለሁ ብላሻለች። "ፒያሳ ታይተሃል!" ብለሽ ከጀመርሽ አለቀ፣ "አዎ እማ፣ ታክሲ ልይዝ ነበር" ብሎ ወሬውን በሰማው ልክ ያስተካክለዋል። ተረጋግተሽ በስንት ሰአት ወጣህ፣ ሐረጎን (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሚወስደውን ቁልቁለት) ከማን ጋ ወረድክ፣ ምሳ የት በላህ፣ ፒያሳ በኩል አልፈሃል ወይ በይው፣ ይጨርስ፣ የጎረቤቷን መጨረሻ አውጪው። ስዊድን ውስጥ የፖሊስ ሰልጣኞች በዚህ መንገድ ሰልጥነው ሲፈተኑ 85 ፐርሰንት ያህል ልክ ሆነዋል፣ ያልሰለጠኑት 56። የጠየቁት ሰው አንድ አይነት ነው፣ ልዩነቱ አጠያየቁ ላይ ነው።

ወላሂ ካለ እውነት ነው ማለትም አለ። እዚህ ከተማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወላሂ እያለ ነው ቲማቲም ሚሸጠው፣ ይሄን አናስረዝመው።

ሱቅ ያላችሁ፣ ብር ልኬያለሁ ብሎ ስክሪንሻት ሚያሳያችሁን ሰው ፊት ማጥናት ትርፉ ድካም ነው፣ ስክሪንሻት ኤዲት ይደረጋል፣ የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። ቸኩያለሁ ቢል ይቸኩል።

ይሄን ሁሉ አንብቦ ደሞ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ሌላ ስህተት ነው። በፈረንጆቹ 2010 ላይ የወጣ ጥናት 1000 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ 60 ፐርሰንት ገደማ ባለፉት 24 ሰአት ምንም አልዋሸንም ብለዋል፣ ከተነገረው ውሸት ግማሽ ሚጠጋው ከ5 ፐርሰንቱ ሰው የመጣ ነው (እነሱ እንዳሉት ነው እንግዲህ፣ ሊዋሹም ይችላሉ)። እንግዳ በረሃብ እየሞተ "በልቼ ነው የመጣሁት" ሲላችሁ እንደ መርማሪ አታፋጡት፣ አቅርቡለት። ገና አልጋው ላይ ሆኖ "ሐረጎን እየወጣሁ ነው" ሚላችሁን ጓደኛ ግን ቪዲዮ ደውሉለት።