ትዝታ ሲፈርድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"እንዴት ነበር?" ስንባል የምንመልሰው ያስታወስነውን ነው። ከኖርነው ጋር ደግሞ ሁሌ አይገጥምም።

ማብቂያውን እንደ ሙሉው መቁጠር። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ አስነከሯቸው። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ አስጨርሰው 30 ሰከንድ ጨመሩባቸው። በጭማሪው ጊዜ ውኃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሞቅ አለ። አሁንም ያማል፤ ግን ይሻላል። የቱን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ተጨማሪ ሕመም መረጡ ማለት ነው! ትዝታ አጥብቆ የሚይዘው በጣም የከበደውን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው፤ የቆይታውን ርዝመት እምብዛም አይቆጥርም። ስለዚህ የብዙ ዓመት ወዳጅነት በክፉ ቃል ሲቋረጥ "ድሮም ውሸት ነበር" አትበሉ። አብራችሁ የሳቃችሁበት ቀን የእውነት ስቃችኋል።

ቶሎ ትዝ ያለንን ብዙ ጊዜ የሆነ ማድረግ። "አንተ ሁሌ ታረፍዳለህ!" ስንል በዓይናችን የሚመጣው ያናደደን ቀን ነው። በሰዓቱ የደረሰበትን ማን ያስታውሳል? "ሁሌ" ከማለታችሁ በፊት ቁጠሩ።

"ማወቅ ነበረብኝ" ማለት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ በ1975 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ ውጤቱን የሰማ ሰው ነገሩ ቀድሞም ግልጽ የነበረ ይመስለዋል። ይህ በተለይ ሐዘን ላይ ያለን ሰው ይጎዳል። "ምልክቱን እንዴት አላየሁም?" እያለ ራሱን ይበላል። ያኔ ግን ያ ነገር ተራ ነገር ነበር። ምልክት ያደረገው በኋላ የመጣው ነው። እባካችሁ ራሳችሁን በዛሬው እውቀታችሁ አትክሰሱ።

እርግጠኛ መሆንን እንደ ማስረጃ መውሰድ። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ1986 (እ.ኤ.አ.) በፈነዳች ማግስት፣ ተማሪዎች ዜናውን የትና እንዴት እንደሰሙ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሲጠየቁ የብዙዎቹ መልስ ተለውጦ ነበር፤ ግን እርግጠኞች ነበሩ። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አይተው እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

ሥራ ለመልቀቅ ወይም ከሰው ለመለየት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ አንድ መስመር ጻፉ። ቀኑ እንዴት እንደዋለ፣ እዚያው ሳለ። ከዚያ ወረቀቱን አንብባችሁ ወስኑ።