ሥራ ሲያስጨንቃችሁ ባሕር ዳር ላይ አማካሪ እንዴት ታገኛላችሁ?

እሑድ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ፣ ቡናው ፊታችሁ እየቀዘቀዘ፣ ልባችሁ ግን የሰኞው አለቃ ጋ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። እኔም ደርሶብኛል። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃና ያላለቀው ሪፖርት እየታየኝ ይነጋል። ሰው ሲጠይቀኝ «ደክሞኝ ነው» እላለሁ።

መጀመሪያ ጻፉ። ደብተር ያዙና ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሦስት ነገር አስፍሩ፦ ዛሬ ምን አስጨነቀኝ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ሰውነቴን ምን ተሰማው። የእኔን መልሼ ሳነበው «ሆዴን ቆረጠኝ» የሚለው ሁሌ ማክሰኞ ላይ ነው። ማክሰኞ የስብሰባ ቀናችን ነበር። ሥራውን የጠላሁ መስሎኝ መልቀቂያ ልጽፍ ነበር፤ የጠላሁት ለካ ሰው ፊት መዘለፍን ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ መሥሪያ ቤት ብትቀይሩም ያ ጭንቀት ተከትሏችሁ ሊመጣ ይችላል።

ቀጥሎ ማንን እንደምትፈልጉ ለዩ። የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ነው የሚረዳችሁ። «ሙያ ልቀይር ወይስ ልማር?» ለሚለው ደግሞ የሙያ አማካሪ አለ፤ ግን እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ መጀመሪያ እሱ ይታከም። «አበድኩ እንዴ?» ብላችሁ አትሸማቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. በሥራ ጫና መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎ መዘገበው እንጂ በሽታ አላለውም። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

የት? ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉላችሁ። የጤና መድኅን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ያስተምራል፤ እዚያ የተማረ ወይም የሚያስተምር ሰው ካወቃችሁ «አንተ ብትሆን ማን ጋ ትሄዳለህ?» በሉት። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሰው ያየኛል የሚል ፍርሃት ካለ በስልክ የሚያማክሩም አሉ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ በተራ ጥሪ መቀጠል ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስትደውሉ አትፈሩ። ምን ተማሩ? የሙያ ፈቃድ አለዎት? በሥራ ጭንቀት የመጣ ሰው አግዘው ያውቃሉ? ዋጋው ስንት ነው? አንዱ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። የምትናገሩት ሚስጥር ሆኖ እንደሚቀር፣ ለመሥሪያ ቤታችሁም እንደማይነገር አረጋግጡ። ይህ የሚቀረው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ልጅ ነህ፣ ታገሥ፣ ያልፋል» አለኝ። ወጥቼ ዘንባባዎቹ ሥር ቆሜ ሁለተኛ አልሞክርም አልኩ። ደግነቱ እህቴ አልለቀቀችኝም። ሁለተኛዋ ባለሙያ ደብተሬን አነበበችና «ማክሰኞ ጠዋት በሩን ከፍተህ ስትወጣ ምን ትላለህ ለራስህ?» አለችኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው እስክታገኙ ቀይሩ፤ መቀየር ነውር የለውም።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ሳታማክሩት አታቋርጡ።

መልቀቂያውንም አትቸኩሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። የሙከራ ጊዜ ጨርሳችሁ ከታመማችሁ ደግሞ በሐኪም ማስረጃ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳችሁ ሕግ ስላላችሁ የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቁ።

ደብተሩን ግን አትተዉት፤ በየቀጠሮው ይዛችሁት ግቡ። ከአራት ቀጠሮ በኋላ ገጾቹ ያው ከሆኑ ለባለሙያው በግልጽ ንገሩት፣ መንገዱን አብራችሁ ቀይሩ። እኔ ማክሰኞ ላይ «ምሳ በላሁ፣ ደህና» ብዬ የጻፍኩት ከአምስተኛው በኋላ ነው።