ክፉ ካርኒቫል ደሴ ላይ እንዴት ይተከላል? ለሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎች

ተጓዥ ካርኒቫል፣ ማለትም ድንኳን ተክሎ በትኬት የሚያጫውት ቡድን፣ ከተማ ገብቶ ሰው የሚያመነምንበት ታሪክ በሳይንስ ልቦለድ ውስጥ የቆየ ነው። ብዙው የሚከሽፈው ጸሐፊው ከጭንብልና ከመብራት ስለሚጀምር ነው። መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ፦ ካርኒቫሉ ከተመልካቹ ምን ይወስዳል? በአንድ ትኬት ስንት? «ነፍስ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የጠንቋይ ታሪክ ጀምራችኋል፤ እሱም ያምራል፣ ግን ሌላ ዘውግ ነው። የሚለካ ነገር ምረጡ።

ለደሴ የሚስማማው ሙቀት ነው። አንድ ትኬት፣ ማለትም በእንጨት ፈረሶቹ መሽከርከሪያ ላይ አንድ ጊዜ መሳፈር፣ ከሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ይብላ፤ የተበላውም ካርኒቫሉ ከተማው ውስጥ እስካለ ድረስ አይመለስ። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ጊዜ የተሳፈረ ልጅ 35 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ያለውን ሐኪሞች አደገኛ የሰውነት ቅዝቃዜ ይሉታል። አሥር ትኬት የቆረጠ 32 ይገባል። እዚያ አካባቢ መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ ሐሳብ ይደበዝዛል፣ ንግግር ይጎተታል። እንግዲህ መንቀጥቀጡን ያቆመው ልጅ የባሰበት ነው። እናቱ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው» ስትል አንባቢው ይህን ቀድሞ ካወቀ ጭራቅ አያስፈልጋችሁም።

ማስረጃውም ከዚሁ ይወጣል። የተለመደው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር የሚጀምረው ከ35 ነው፤ ከዚያ በታች አያነብም። ነርሷ ሦስት ልጆች ለክታ ዘንጉ ከታች ሳይነቃነቅ ሲቀር መሣሪያው የተበላሸ ይመስላታል። ሌላ ታመጣለች፤ ያው ነው። ይህን ትዕይንት ከታሪኩ አንድ ሦስተኛ ሳያልፍ አስገቡት፤ ከዘገየ አንባቢው ከነርሷ ቀድሞ ይደርስና ይሰለቻል።

ደሴ ለዚህ የምትመቸው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማንንም አያስገርምም፤ ምልክቱ ይደበቃል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እዚያ በቀትር የሚንቀጠቀጥ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

አመጣጡን «አንድ ሌሊት ብቅ አለ» ብላችሁ አትለፉት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ጉም ውስጥ ተሳቢ የጎተቱ ስምንት መኪኖች በዝግታ ሲወጡ ከኋላቸው የተሰለፈው ሚኒባስ ሹፌር ይየው። ደግሞ በእኛ አገር ያለ ደብዳቤ ድንኳን አይተከልም። ደብዳቤው ይኑር፣ ቁጥሩም ማህተሙም ትክክል ይሁን። የፈቀደው ኃላፊ በነፃ ትኬት አምስት ጊዜ የተሳፈረ ይሁንና ቢሮው ውስጥ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይፈርም። ጉቦውም ጉዳቱም አንድ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ስለተቆረቆረች ሰፊ ሜዳ አይገኝባትም፤ 60 በ40 ሜትር ይበቃችኋል። መግቢያውንና መውጫውን ለዩና ወረቀት ላይ ሳሉት። ሳይስሉ የሚጽፉ ሰዎች ድንኳን በየምዕራፉ ቦታ ይቀያይራል። መብራት ሲጠፋ ከተማው ይጨልም፣ ካርኒቫሉ አይጨልም፤ ጀነሬተር አለው ይባላል። ግን ለናፍጣ ሲሰለፍ ያየው የለም። የናፍጣ ወረፋ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል።

የመሽከርከሪያው ፍጥነት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከመሐሉ እስከ መቀመጫው 5 ሜትር ከሆነና በ10 ሰከንድ አንድ ዙር ከዞረ ተሳፋሪው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ውጭ ሲገፋው ይሰማዋል፤ ደስ የሚል ነው። በ4.5 ሰከንድ ከዞረ ግፊቱ የራሱን ክብደት ያህላል፤ ከእንጨት ፈረስ ላይ ሰው ይበተናል። «እንደ መብረቅ ዞረ» ካላችሁ ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ቀስ ብሎ ይዙር። የሚሰርቀው ፍጥነቱ አይደለም፣ መቀመጫው ነው።

ለፋፊውን፣ ማለትም በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠራውን፣ አታጋንኑት። ጥቁር ካባና የተሳለ ጥርስ ያረጀ ነው፤ የአካል ጉዳተኛን ማስፈሪያ ማድረግ ደግሞ ያረጀም የሚያሳፍርም ነው። ለፋፊው «አብሽር» የሚል፣ የወሎ ሰው ጨዋታ የሚያውቅ ይሁን። አንድ ስህተት ብቻ ስጡት፦ የሰባት ዓመቱንም ልጅ የሰባ ዓመቱንም ሽማግሌ «አንቱ» ይበል። ዕድሜ አይታየውም፤ የሚታየው ስንት ዲግሪ እንደቀራቸው ነው። ይህን አታብራሩ።

ማምለጫው ከራሱ ከሕጉ መውጣት አለበት። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ ስለዚህ የተሰረቀው ሙቀት የሚጠራቀምበት የመሽከርከሪያው ቋት ከሰው ገላ የቀዘቀዘ፣ 20 ዲግሪ ገደማ ይሁን። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሰው ዝናብ የመታውን ጋቢ መቀመጫ ላይ ይርሳና ማሽኑ ለአፍታ ይንቀርፈፍ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ከቦርከና ወንዝ እርጥብ አሸዋ በጆንያ ሞልተው፣ ብርዱ በሚበረታበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም፣ ሃያ አራቱንም መቀመጫ ይሙሉ። አሸዋው ከቋቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሰቱ ይገለበጣል፣ ቋቱ ይራቆታል። ጆንያው በሰው ጀርባ ስለሚመጣ ማን ስንት እንደተሸከመ ጻፉ፤ 32 የደረሰ ልጅ ጆንያ አይሸከምም።

ስለ ጅራታም ኮከብ አንድ ነገር። ደሴ የተቆረቆረችው አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ስላዩ ነው ሲባል ኖሯል፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቀን ብርሃን ጭምር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ነበረ። ካርኒቫሉ ያኔም መጥቶ ነበር ለማለት ያጓጓል። በአንድ ሽማግሌ አፍ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ታሪኩ የኮከቡ ይሆናል።

ሁለተኛ ክፍል ካሰባችሁ መኪኖቹን ወደ ኮምቦልቻ አውርዷቸው። እዚያ ግማሽ ዲግሪ ስለሚያስነቃ ባለቤቱ ዋጋውን መቀነስና ደንበኛ ማብዛት ይኖርበታል፤ ፈረቃ ያላቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ቅርብ ናቸው። ትኬቱ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ይሁንና ሂሳቡን እንደገና ሥሩ።