ከሩቅ አያት ጋር የሚደረግን የቪዲዮ ጥሪ ለትንሽ ልጅ ጨዋታ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

ስልኩ ይጠራል። እናት ሮጣ ልጇን ታቅፍና ስክሪኑን ፊቱ ላይ ትደቅነዋለች። አያት ከወዲያ ማዶ «አወቅኸኝ? ማን ነኝ? ትወደኛለህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ልጁ ፊቱን ያዞራል፣ ይወራጫል፣ በመጨረሻም አምልጦ ይሄዳል። አያትም ቅሬታቸውን በፈገግታ ይሸፍናሉ። ከአገር ርቆ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በእኛም ቤት ለወራት እንዲህ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ወሬ ማውራት አይሆንለትም። መጫወት ግን ይችላል፤ ጥሪውም በዚያ በኩል ሲመጣለት ይቀበለዋል።

ልፋቱ በከንቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ24 እስከ 30 ወር የሆናቸው ሕፃናት በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ አዳዲስ ቃላት ሲማሩ፣ አስቀድሞ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን አልተማሩም። ከስክሪኑ ወዲያ ያለው ሰው እያያቸው፣ እየሰማቸው መልስ መስጠቱ ነው ለውጡን ያመጣው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ከስክሪን እንዲርቁ ሲያሳስብ፣ የቪዲዮ ጥሪን ከዚህ ነጻ አድርጎታል።

1. ሰዓቱን ከልጁ ውሎ ጋር አስማሙ

የተራበ ወይም እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ለማንም ፊት አይሰጥም። በልቶ ጠግቦ፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚገኝበትን ሰዓት ምረጡ፤ በሳምንት ሁለት ቋሚ ቀን ከያዛችሁ ራሱ ልጁ መጠበቅ ይጀምራል። በአውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ስለሚቀየር፣ ሰዓት በማይቀየርበት አገር ያሉ አያት አንድ ሰዓት ሲጠብቁ እንዳይውሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

2. አያትን ለብቻቸው አዘጋጁ

ብዙዎቻችን የምንዘልለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ልጁ በሌለበት ደውሉና የሰሞኑን ወሬ ስጧቸው። ለምሳሌ ስለ ልጄ፦ ጥርሷ ተነቃንቋል፣ ቀይ ጫማ ተገዝቶላታል፣ ጓደኛዋ ብስክሌቷን ነጥቃት አልቅሳለች። ከዚያ በኋላ የአያት ጥያቄ «እንዴት ነሽ?» ብቻ መሆኑ ይቀርና «ያ የተነቃነቀው ጥርስ ወደቀ?» ይሆናል። ልጅቷም አፏን ከፍታ ለማሳየት ትሮጣለች። «ታውቂኛለሽ?» እና «ትወጂኛለሽ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ማስቀረት ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ፈተና ናቸው። ይህን ለወላጅ መንገር ይከብዳል። እኔ «እማዬ፣ ዛሬ ስለ አሻንጉሊቷ ብትጠይቂያት በጣም ደስ ይላታል» ብዬ ነው የጀመርኩት፤ አልተቀየመችም።

3. ስልኩን ከእጃችሁ አውርዱ

ልጁ በሚጫወትበት ወለል ላይ፣ ከዓይኑ ትይዩ አስደግፋችሁ አቁሙት። ብርሃኑ ከፊቱ እንጂ ከጀርባው አይምጣ፤ አለዚያ አያት የሚያዩት ጥላውን ብቻ ነው።

4. በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ዕቃ ይኑር

ወረቀትና እርሳስ፣ ኳስ ወይም ማንኪያ ይበቃል። አያት ክብ ሲስሉ ልጁ ዓይንና አፍ ይጨምርበታል። በጨርቅ ፊትን ሸፍኖ ብቅ ማለት ለሕፃናት ሁልጊዜ አዲስ ነው። አብሮ ማጨብጨብና አብሮ መዘመር ግን አይሳካም፤ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ይዛነፋል። ተራ በተራ አድርጉት፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀጥል።

5. መግቢያውና መውጫው አይለዋወጥ

ሁልጊዜ በአንድ መዝሙር ጀምሩ፣ በአንድ ዓይነት ስንብት ጨርሱ። መዝጊያውን ልጁ ራሱ ይጫነው። ለሁለት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ሳይሰለች ቢያበቃ ለሚቀጥለው ይጓጓል።

6. ቋንቋውን ለማረም አትቸኩሉ

ልጁ በመዋዕለ ሕፃናቱ ቋንቋ ቢመልስ አትቆጡት፤ ያለውን በቤታችሁ ቋንቋ ደግማችሁ ተናገሩና ጨዋታው ይቀጥል። አያት ፊት መታረም ያሳፍረዋል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ዝም ይላል።

7. እምቢ ባለ ቀን ተዉት

ጎትታችሁ አታምጡት። ስልኩን ባለበት ተዉና አያት ሲጫወት ይዩት፤ ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር አያትም ቢሆን አብዛኛውን ቀን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጄ ሰላምታ እንኳን አልሰጥም ብላ ጀርባዋን አዙራ በእንጨት ኩቦቿ ግንብ ትሠራ ነበር። እናቴ ምንም ሳትናገር ሩብ ሰዓት ያህል ተመለከተቻት። ግንቡ ሁለቴ ፈረሰ፤ ሁለቴም ተሠራ። ከዚያ ልጄ አንዲት ሰማያዊ ኩብ ይዛ ወደ ስልኩ ዞረችና «አያቴ፣ ይህቺን የት ላድርጋት?» አለች።