ሞኒተር ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ

ሲያዩት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔን ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ጥፋቱም የአንዲት ኬብል ነበር።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ጎንና የሞኒተሩን ጀርባ እዩ። ከታች በኩል በሁለቱም ጥግ ጠበብ የሚለው ቀዳዳ ኤችዲኤምአይ ነው። ዲስፕሌይፖርት ይመስለዋል፣ ግን የተቆረጠው አንድ ጥጉ ብቻ ነው። ባለ 15 ቀዳዳው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ቪጂኤ ነው። እሱ ድምፅ አያስተላልፍም፣ ምስሉም ደብዘዝ ይላል፤ ሌላ ካላችሁ ተዉት። ሁለቱም ላይ ኤችዲኤምአይ ካለ ተገላገላችሁ፤ ሰክታችሁ የሚቀጥሉትን ሦስት አንቀጾች ዝለሉ።

ጣጣው ያለው ዩኤስቢ-ሲ ላይ ነው። ትንሿ ሞላላ ቀዳዳ መልኳ አንድ ነው፣ ሥራዋ ግን ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። አንዳንዷ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ፋይል ታስተላልፋለች፣ ምስል ግን አታወጣም። አጠገቧ የተንደርቦልት (በዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ የሚሠራ ፈጣን ማገናኛ) መብረቅ ወይም ዲ እና ፒ የተጠላለፉበት ምልክት ካለ ምስል ታወጣለች። ምልክት ከሌለ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የላፕቶፑን ሞዴል ፈልጋችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ዩኤስቢ-ሲው "ዲስፕሌይፖርት" የሚል እንዳለው አንብቡ።

ኬብሉም እንደዚያው ነው። እኔ የስልክ ቻርጀር ኬብል ሰካሁ። ሞኒተሩ በዚያው ኬብል ላፕቶፑን ቻርጅ ሲያደርግ ስላየሁ ኬብሉን ለመጠርጠር አልመጣልኝም። ስክሪኑ ግን ጥቁር። ድራይቨሩን (ላፕቶፑ ስክሪን የሚያሠራበትን ሶፍትዌር) አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ፣ ሞኒተሩንም ልመልሰው ካርቶኑን አውጥቼ ነበር። ለካ አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ኬብል ምስል የሚያልፍበት ሽቦ ጭራሽ የለውም! ለምስል የተሠራ ኬብል ስሰካ ወዲያው በራ። ስለዚህ ድራይቨር ከመነካካታችሁ በፊት ሌላ ኬብል ሞክሩ።

አንድ ሌላ ወጥመድ፦ በአንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ተራ ኬብል ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። ዲስፕሌይፖርቱ ላፕቶፑ ላይ፣ ኤችዲኤምአዩ ሞኒተሩ ላይ መሰካት አለበት። ሲገለበጥ አይሠራም።

ተሰክቶም ሞኒተሩ "ሲግናል የለም" ካለ፣ በራሱ ቁልፍ ኢንፑት ወይም ሶርስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የሰካችሁበትን ምረጡ።

ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የ"P" ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫኑ። ዱፕሊኬት ያንኑ ምስል ይደግማል፤ ለስብሰባ ካልሆነ አይጠቅምም። ኤክስቴንድን ምረጡ፤ ሁለቱን ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን ያደርጋቸዋል፣ ሁለተኛ ስክሪን የሚያስገዛውም እሱ ነው። ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኖቹን የሚወክሉትን ሁለት ሳጥኖች፣ ስክሪኖቹ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳሉት አስቀምጡ። አለዚያ ማውሱን ወደ ቀኝ ስትገፉት ግድግዳ የገጨ ይመስል ይቆማል። ማክ ላይ ይኸው ሁሉ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ዲስፕሌይስ ውስጥ ነው።

4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ) ሞኒተር ላይ ማውሱ የተንቀረፈፈ ከመሰላችሁ ሪፍሬሽ ሬቱን፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ እዩ። ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም። 60 ለማግኘት ላፕቶፑም ሞኒተሩም ቢያንስ 2.0 መሆን አለባቸው። 30 ላይ ቀኑን ሙሉ ከመሥራት ሪዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ዝቅ ማድረግ ይሻለኛል።

ድምፅ ድንገት ከጠፋባችሁም አትደንግጡ። ኤችዲኤምአይ ድምፁንም ወደ ሞኒተሩ ይወስደዋል፣ ብዙ ሞኒተር ደግሞ ስፒከር የለውም። የድምፅ ምልክቷን ነክታችሁ የላፕቶፑን ስፒከር መልሳችሁ ምረጡ።