የተፈናቀለ ገበሬ የመሬት ማስረጃውን እንዴት ይጠብቅ?

በወሰን ግጭት ተፈናቅለው አራት ኪሎ እርስዎ ቤት ያረፉ አባት ካሉዎት፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሥተው ዋናውን ከቤት አያውጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ደብተሩ ከቤቱ ጋር ተቃጥሎ ከሆነ ግን፣ ዋናው ሥራ አጠገባቸው ተቀምጦ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኗቸውን ሰዎች ስም መመዝገብ ነው። «አባባ፣ ከዋርካው በታች ድንበሩ ድንጋይ ነው ወይስ ቦይ?» ብለው ይጠይቁ፤ በጣታቸው ምንጣፉ ላይ ማሳውን ሲሥሉ አያቋርጧቸው፤ ያ መሥመር ዕድሜ ልክ ያረሱት ነውና በእኔ እምነት ከማንኛውም ወረቀት ይልቃል። የጻፉትን ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር አመሳክረው፣ ቀኑን አስፍረው ያስፈርሙ።